እረኛውና ድምፅ ቆጣሪው፤ ስለ ኔልሰን ማንዴላ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

አንድ የሕዝብ መሪ የራሱን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ሲያቀርብ አንባቢው ሁለት ጥያቄዎች ሊጠይቀው ይገባል። የመጀመሪያው፣ የሆነውን ነገር በእውነት ነግሮናል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይጠልቃል፤ ይኸውም፣ የሠራውን ሥራ በማን ፈቃድና በምን ሥልጣን ሠራው? የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ይዘን ኔልሰን ማንዴላ በ1994 ያሳተሙትን፣ በእንግሊዝኛ «ሎንግ ዎክ ቱ ፍሪደም» የተባለውን፣ እኛ «ወደ ነፃነት የተደረገ ረጅም ጉዞ» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

መጽሐፉ በብዙ አገር የተነበበ ስለ ሆነ አዲስ ነገር አገኘን ብለን አናቀርበውም። ነገር ግን ተማሪዎች ስለዚህ መጽሐፍ ሲነጋገሩ ሁለት ዓይነት አነባበብ እናያለን። አንደኛው ወገን መጽሐፉን እንደ ገድል ያነበዋል። ጻድቁ ተፈተነ፣ ታሰረ፣ ታገሠ፣ በመጨረሻም አክሊሉን ተቀበለ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሁለተኛው ወገን ይህን ሰምቶ ይቈጣል። የአፓርታይድን መንግሥት ያንበረከከው የሠራተኞች አድማ፣ የወጣቶች ዐመፅ፣ የውጭ አገሮች ማዕቀብና የዓለም ፖለቲካ መለወጥ ነው እንጂ የአንድ ሰው ደግነት አይደለም፤ ማንዴላ ለነገሩ ስም ሆኑለት እንጂ ሥራው የሌሎች ነው ይላል።

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉ ራሱ በግልጽ የሚናገረውን ነገር ዘለውታል። መጽሐፉ ባለታሪኩ ከጓደኞቻቸው ተለይተው ብቻቸውን የወሰኑባቸውን ጊዜያት ያለ ይሉኝታ ይተርካል። ከነዚህም ሁለቱ ትልልቆች ናቸው፤ አንደኛው በተማሪነታቸው፣ ሁለተኛው በእስረኛነታቸው ጊዜ የተደረገ ነው። ለነዚህ ለሁለቱ ውሳኔዎች መጽሐፉ የሚሰጠው ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ላይ የሚናገረው ድምፅ ቆጣሪው ነው፤ በሁለተኛው ላይ የሚናገረው እረኛው ነው። የጽሑፋችን አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ እረኛው የሠራው ሥራ ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ ትክክል ያደረገው ድምፅ ቆጣሪው ነው፤ መጽሐፉ ግን ይህን ሊነግረን ሲገባው በእረኛው ምሳሌ ሸፍኖ ያልፈዋል።

አስቀድሞ መጽሐፉ እንዴት እንደ ተሠራ መናገር ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ለጥያቄያችን ምስክር ነውና። ማንዴላ መጻፍ የጀመሩት በሮበን ደሴት እስር ቤት ሳሉ ነው። አሳቡን ያቀረቡት የእስር ጓደኞቻቸው አሕመድ ካትራዳና ዋልተር ሲሱሉ ነበሩ። ማንዴላ ሌሊት ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ካትራዳና ሲሱሉ አንብበው አስተያየታቸውን ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በኋላ ላሉ ቺባ በጣም ደቂቅ በሆነ ጽሕፈት ይገለብጡታል። በ1976 ማክ ማሃራጅ ከእስር ሲፈቱ ግልባጩን በድብቅ ይዘው ወጡ። በግቢው ውስጥ የተቀበረው ዋናው ጽሑፍ ግን ግንብ ሲሠራ ተቈፍሮ ተገኘ፤ ማንዴላ፣ ካትራዳና ሲሱሉም በዚሁ ምክንያት ለአራት ዓመት የመማር ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ከብዙ ዘመን በኋላ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ስቴንግል ረድተዋቸው መጽሐፉ ዛሬ ባለው መልክ ታተመ። እንግዲህ በያንዳንዱ ገጽ ላይ «እኔ» የሚለው ቃል ብዙ እጅ ያለፈበት «እኔ» ነው። ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም። ሆኖም ብቻዬን ወሰንሁ የሚለው ታሪክ ብቻውን ባልተጻፈ መጽሐፍ መነገሩን ልብ ማለት ይገባል።

የእረኛው ምሳሌ የሚመጣው ከመጽሐፉ መጀመሪያ ክፍል ነው። ማንዴላ በ1918 በትራንስካይ አገር በምቬዞ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ የቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ጆንጊንታባ በምክሄኬዝዌኒ ባለው ግቢያቸው አሳደጓቸው። በዚያ ግቢ የሚደረገው ሸንጎ በልጁ አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ ቀረ። ባለርስቱም፣ ገበሬውም፣ ሹሙም፣ ተራው ሰውም ተራ በተራ ይናገራል። እንደራሴው ሲነቀፉ እንኳ ሳይመልሱ ያዳምጣሉ፤ በመጨረሻም የተባለውን ሁሉ ሰብስበው አንድ ቃል ሊሆን የሚችለውን ይናገራሉ። ስምምነት ካልተገኘ ሌላ ቀን ይቀጠራል እንጂ ብዙው ጥቂቱን አይጫነውም። ከኚሁ እንደራሴ የተማሩት የመሪነት ምሳሌ፣ መሪ እንደ እረኛ ነው፤ ቀልጣፎቹን ከፊት አስቀድሞ ከኋላ ሆኖ መንጋውን ይነዳል፤ የሚል ነው።

ምሳሌው ያማረ ነው። በተለይ እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች የእረኛና የመንጋ ነገር በየጧቱ ጸሎት ስንሰማው ስላደግን በቶሎ ልባችንን ይነካዋል። ነገር ግን ሒስ የሚጀምረው ያማረውን ነገር ከመመርመር ነው። አንደኛ፣ ማንዴላ ራሳቸው በቅንነት እንደሚገልጹት፣ ፍጹም ዴሞክራሲ ብለው በሚያደንቁት በዚያ ሸንጎ ሴቶች የመናገር መብት አልነበራቸውም። ይህን ግን እንደ ዋዛ ጣል አድርገው ያልፉታል። ከሕዝቡ ግማሹ ዝም ባለበት ቦታ የተገኘ ስምምነት የማን ስምምነት ነው? ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ ተከታይ አላገኘም። ሁለተኛ፣ እረኛ መንጋውን የሚነዳው ወዴት እንደሚሄድ እሱ ስለሚያውቅና እነሱ ስለማያውቁ ነው። በጎች ድምፅ አይሰጡም፤ እረኛቸውንም አይሽሩም። ስለዚህ ምሳሌው መሪው ምን ያህል ትዕግሥተኛ እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ ሥልጣኑን ከወዴት እንዳገኘ አይነግረንም።

ድምፅ ቆጣሪውን የምናገኘው በፎርት ሔር ነው። ማንዴላ በክላርክበሪና በሒልድታውን የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ተምረው ወደ ፎርት ሔር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። በ1940 የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ብዙዎቹ ተማሪዎች ምግቡ እንዲሻሻልና የምክር ቤቱ ሥልጣን እንዲሰፋ ጠይቀው፣ ይህ እስኪፈጸም ድረስ ላለመምረጥ ተስማሙ። የመረጡት 25 ብቻ ነበሩ፤ በነዚህም ድምፅ ስድስት ተማሪዎች ተመረጡ፤ ማንዴላ አንዱ ነበሩ። ስድስቱም በአንድነት ሥራቸውን ለቀቁ። የኮሌጁ ኃላፊ ዶክተር ኬር መልቀቃቸውን ከተቀበሉ በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ በሚገኝበት በእራት ሰዓት ሌላ ምርጫ እንዲደረግ አዘዙ። አሁንም የመረጡት እነዚያው 25 ናቸው፤ የተመረጡትም እነዚያው ስድስቱ ናቸው። አምስቱ ጓደኞቻቸው፣ ተማሪው ሁሉ በቦታው ስለ ነበረ ምርጫው ትክክል ነው ብለው ሹመቱን ተቀበሉ። ማንዴላ ግን፣ ተማሪው በቦታው ቢኖርም አልመረጠንም ብለው ብቻቸውን ለቀቁ። ዶክተር ኬር ከምክር ቤቱ ካልገባህ ወደ ኮሌጁ አትመለስም አሏቸው። እሳቸውም ሞኝነት መሆኑን እያወቁ እሺ ማለት አቃታቸው፤ ትምህርታቸውም በዚሁ ተቋረጠ።

አንባቢዎቻችን አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ሆኑ ይህን ታሪክ እንደ ወጣትነት ግትርነት ቈጥረው እንዳያልፉት እንለምናለን። የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ቦታ ማንዴላ ከጓደኞቻቸው የተለዩት እኔ ከናንተ አርቄ አያለሁ ብለው አይደለም። የተለዩት ቈጥረው ነው። 25 ድምፅ የሁሉ ድምፅ አይሆንም፤ ያልመረጠውም ሰው ባለመምረጡ ተናግሯል ነው ያሉት። ብቻቸውን ቆሙ፤ ነገር ግን የቆሙት ከብዙኃኑ ጋር ነው። የተዉትም የራሳቸውን ሹመትና የራሳቸውን ዲግሪ ነው እንጂ የሌላውን ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መጽሐፉ የሚያሳየን ሰው ድርጅት ያለው ሰው ነው። ለምሳሌ በ1961 የትጥቅ ትግል እንዲጀመር አሳቡን ያመጡት ማንዴላ ቢሆኑም፣ በአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የሥራ ኮሚቴ ፊት ሲያቀርቡት ሞሰስ ኮታኔ ተከራክረው አሸነፏቸው። ማንዴላ ኮታኔን ለብቻቸው አግኝተው አሳመኗቸው፤ እንደ ገና አቀረቡት፤ ከዚያም ጉዳዩ አልበርት ሉቱሊ ሊቀመንበር ከነበሩበት ከከፍተኛው ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ሉቱሊ በጽኑ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት፣ ተዋጊው ክፍል ከኮንግረሱ የተለየ ድርጅት እንዲሆን ነው። በጣም አስጨናቂ በሆነው ጉዳይ ላይ እንኳ በክርክር ተሸንፎ፣ አሳምኖ፣ ተመልሶ መምጣት የሚባል ሥርዓት ነበረ ማለት ነው።

በ1962 ወደ አገራችን ሲመጡም እንዲሁ ድርጅታቸው ልኳቸው ነው። በፌብሩዋሪ ወር በአዲስ አበባ የተደረገው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ተመልሰው መጥተው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተማሩ። ስድስት ወር የታሰበው ትምህርት በስምንተኛው ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገራቸው የተመለሱትም ድርጅቱ ስለ ጠራቸው ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈሩ የአውሮፕላኑ ነጂ ጥቁር መሆኑን አይተው ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ይነዳል የሚል አሳብ ድንገት መጣባቸው። ወዲያውም በራሳቸው አፈሩ፤ የአፓርታይድ አስተሳሰብ በእሳቸውም ውስጥ እንደ ነበረ ተገነዘቡ። ገድል ጸሐፊ ቢሆን ይህን አይጽፈውም። መጽሐፉ ለራሱ ባለታሪክ እንደማያዳላ የምናምነው እንዲህ ካሉ ቦታዎች ተነሥተን ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ማንዴላ በኦገስት 1962 ተያዙ፤ በ1964 በሪቮንያ የፍርድ ነገር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በ1982 ከሮበን ደሴት ወደ ፖልስሙር እስር ቤት ተዛወሩ። በ1985 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ቦታ የኃይል ትግልን ከካድህ እፈታሃለሁ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ መልሳቸውንም ልጃቸው ዚንድዚ በሶዌቶ በሕዝብ ፊት አነበበች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቀዶ ሕክምና ኬፕ ታውን ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የፍርድ ሚኒስትሩ ኮቢ ኩትሲ ሳይታሰብ መጥተው ጠየቋቸው። ወደ ፖልስሙር ሲመለሱ ከአራቱ ጓደኞቻቸው ተለይተው በምድር ቤት እንዲታሰሩ ተደረገ። ጓደኞቻቸው በዚህ ሊቃወሙ ሲነሡ ማንዴላ ተዉ አሏቸው። ከዚያም ከመንግሥት ጋር መነጋገር መጀመር አለበት ብለው ብቻቸውን ወሰኑ፤ ለማንም ሳይነግሩ ለኩትሲ ጻፉ።

ለምን አልነገሩም? መጽሐፉ መልሱን አይደብቅም። ቢነግሯቸው ኖሮ ከላይ ያሉት ጓደኞቻቸው አሳቡን እንደሚያወግዙት፣ ነገሩም ሳይወለድ እንደሚሞት ያውቁ ነበር። አንዳንድ ጊዜ መሪ ከመንጋው ቀድሞ በአዲስ አቅጣጫ መሄድ አለበት ይላሉ። እንግዲህ ከኋላ ሆኖ ይነዳ የነበረው እረኛ አሁን ወደ ፊት አለፈ ማለት ነው። ምሳሌው ግን ያው የእረኛ ምሳሌ ነው፤ ከኋላም ቢሆን ከፊትም ቢሆን መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እኛ በዚህ ቦታ ላይ መጽሐፉን አጥብቀን እንነቅፈዋለን። ጓደኞቼ እምቢ ስለሚሉኝ አልነገርኋቸውም የሚለው ምክንያት ሥልጣንን ለራሱ የጠቀለለ ሰው ሁሉ የሚናገረው ምክንያት ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እንዲህ ያለውን ብርቱ ሰው የሚጠረጥር ነው። አንባቢው በመጨረሻ ነገሩ በመልካም እንደ ተፈጸመ ስለሚያውቅ ምክንያቱን በቀላሉ ይቀበላል። ነገር ግን ውጤት ማማር ብቻውን ሥልጣንን አያጸድቅም፤ ባያምርስ ኖሮ? ደራሲው የፎርት ሔር ተማሪ ሳሉ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር ግን ጥሩው መልስ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተበታትኖ መገኘቱ ነው። ደራሲው አልሰበሰቡትም፤ እኛ እንሰብስበው። አንደኛ፣ ማንዴላ ብቻቸውን የጀመሩት ንግግርን ነው እንጂ ውልን አይደለም። መንግሥት በየጊዜው ሦስት ነገር ጠየቃቸው፤ የትጥቅ ትግሉን እንዲክዱ፣ ከኮሙኒስት ፓርቲ እንዲለዩ፣ የብዙኃን አገዛዝ የሚለውን ጥያቄ እንዲተዉ። ሦስቱንም አልሰጡም፤ የራሳቸው ንብረት ስላልሆነ ሊሰጡት አይችሉም ነበር። ሁለተኛ፣ በ1988 ንግግሩ በኮሚቴ መልክ ከመደራጀቱ በፊት ጓደኞቻቸውን ለማየት ጠይቀው አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሲሱሉ በአሳቡ ባይቃወሙም መንግሥት ራሱ ቢጀምረው ይሻል ነበር አሉ፤ ሬይመንድ ምህላባና አንድሩ ምላንጌኒ እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር አሉ፤ ካትራዳ ግን ተቃወሙ። ኦሊቨር ታምቦ ከሉሳካ ምን እየተነጋገርህ ነው ብለው በጽሑፍ ሲጠይቋቸው፣ የምነጋገረው መንግሥትና የኮንግረሱ ከፍተኛ ኮሚቴ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ስለ ማድረግ ብቻ ነው ብለው መለሱ። ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገሩ ቢበላሽ ድርጅቱ ሽማግሌው ተነጥሎ ብቻውን ስለ ነበረ ያደረገው የራሱ እንጂ የኛ አይደለም ብሎ ሊክዳቸው እንደሚችል አስቀድመው አስበው ነበር። ለመካድ ራሳቸውን አዘጋጁ ማለት ነው።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ የእረኛ ሥራ አይደሉም። እረኛ መንጋው ሊክደው እንደሚችል አያስብም። የእነዚህ ሥራ ባለቤት የፎርት ሔሩ ድምፅ ቆጣሪ ነው፤ የሌላውን ድምፅ ለራሱ የማያደርግ፣ የሚያጣው ነገር ቢኖር የራሱን ብቻ የሚያደርግ ሰው ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ መሪ ሲነሣ ልንጠይቀው የሚገባን፣ አርቀህ ታያለህ ወይ? የሚል አይደለም፤ ሁሉም አዎን ይላልና። የምንጠይቀው፣ የሌላውን ሰው ነገር ሰጥተሃል ወይ? ጓደኞችህ እምቢ ሊሉ በሚችሉበት ጊዜ ነግረሃቸዋል ወይ? ሊክዱህስ ይችላሉ ወይ? የሚል ነው። የማንዴላ ሕይወት ይህን መለኪያ ይሰጠናል፤ መጽሐፋቸው ግን በስሙ አይጠራውም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን የመጨረሻውን ክፍል የሚመለከት ነው። ማንዴላ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ከእስር ከወጡ ጀምሮ እስከ 1994 ምርጫ ድረስ ያለው ታሪክ በጥድፊያ የተጻፈ ነው። የእስር ቤቱ የድንጋይ ካባ፣ የብርድ ልብሱ መሳሳት፣ የአንድ ዘበኛ ጠባይ እንኳ በሰፊው ተነግሮን፣ አገሪቱ የተለወጠችባቸው አራት ዓመታት ግን ወደ ስብሰባዎችና ወደ ቀኖች ዝርዝር ያዘነብላሉ። ምክንያቱ አይጠፋንም። መጽሐፉ ሲታተም ደራሲው ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ደ ክለርክ ደግሞ ምክትላቸው ናቸው። ከባልደረባ ጋር እየሠሩ ስለ ባልደረባ ሁሉን መጻፍ አይቻልም።

ነገር ግን በነዚያ ዓመታት ሥራው በብዙ እጅ ነበር። በዲሴምበር 1991 የተከፈተው የብዙ ፓርቲዎች ጉባኤ ሲሰናከል፣ በጁን 1992 በቦይፓቶንግ በደረሰው እልቂት ምክንያት ኮንግረሱ ንግግሩን ሲያቋርጥ፣ በሴፕቴምበር በቢሾ ሰልፈኞች በጥይት ሲወድቁ፣ ክሩን ሳይበጠስ ይዘው የቆዩት ሲሪል ራማፎሳና ሩልፍ ሜየር ነበሩ። የነጮች የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራቸው እንዳይነቀሉና ሥልጣን ለተወሰኑ ዓመታት በጋራ እንዲያዝ አሳቡን በጽሑፍ አውጥተው ጓደኞቻቸውን ያከራከሩት ደግሞ ኮሙኒስቱ ጆ ስሎቮ ናቸው። ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት ነበረ፤ ዛሬ ብዙ የደቡብ አፍሪካ ወጣቶች በዚያን ጊዜ ብዙ ተሰጠ፣ ጥቂት ተገኘ ብለው የሚከራከሩበትም ነው። መጽሐፉ ለዚህ ክርክር በቂ መልስ የለውም። እኛ ግን ክርክሩ የሚገባው በግልጽ ውይይት ለተወሰነው ነገር ነው እንላለን። የስሎቮ አሳብ በአደባባይ ተነቅፎ፣ ተሻሽሎ፣ በኮሚቴ ጸድቆ ያለፈ ነው። ተሳስተዋል የሚል ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ግን ድምፅ ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። በአፕሪል 1993 ክሪስ ሃኒ ሲገደሉ አገሪቱ በጦርነት አፋፍ ላይ ነበረች። በዚያች ሌሊት ማንዴላ ገና ምንም ሥልጣን ሳይኖራቸው በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የገዳዩን መኪና ቍጥር ይዛ ያስያዘችው አንዲት የአፍሪካነር ሴት መሆኗን ለሕዝቡ ተናገሩ። ቍጣውን አልከለከሉም፤ ቍጣው በዘር ላይ ሳይሆን በበደለኛው ላይ እንዲሆን ቈጥረው ለዩለት። ሁለተኛው በ1994 ነው። ኮንግረሱ ከመቶ 62.65 ድምፅና ከ400 መቀመጫ 252ቱን አገኘ፤ ሕገ መንግሥቱን ብቻውን ለመጻፍ የሚያስችለውን ሁለት ሦስተኛ ግን አላገኘም። ብዙ ጓደኞቻቸው ሲያዝኑ ማንዴላ ቀለለኝ ይላሉ፤ ሁለት ሦስተኛ ብናገኝ ኖሮ ሕገ መንግሥቱ የኮንግረሱ እንጂ የደቡብ አፍሪካ አይባልም ነበር ብለው ነው። በፎርት ሔር 25 ድምፅ አነሰ ብሎ ሹመቱን የተወው ተማሪ፣ በሰባ አምስት ዓመቱ ድምፅ አልበዛም ብሎ ደስ አለው። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ስፍራ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሌላው የሆነውም ነገር ይህን ያጸናል። በ1993 ማንዴላ የመራጮች ዕድሜ ወደ 14 ዓመት ዝቅ እንዲል አሳብ ቢያቀርቡ ድርጅታቸው አልተቀበለውም፤ እሳቸውም ተሸንፈው ተቀመጡ። በ1999 አንድ የሥልጣን ዘመን ብቻ ጨርሰው በፈቃዳቸው ወረዱ። ስለ ፕሬዚዳንትነታቸው ጊዜ መጻፍ ጀምረው ሳይጨርሱት በ2013 ዐረፉ፤ ጽሑፉን ማንድላ ላንጋ ጨርሰውት በ2017 ታተመ። በ2024 ምርጫ ደግሞ ኮንግረሱ ከመቶ 40 ገደማ ብቻ አግኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙኃንነቱን አጣ፤ ከተቃዋሚዎቹ ጋርም ተጣምሮ መንግሥት አቋቋመ። ይህን አንዳንዶች የማንዴላ ሥራ መፍረስ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን በተቃራኒው እናየዋለን። መራጩ የነፃ አውጪውን ፓርቲ በወረቀት ቀጣ፤ ፓርቲውም ቍጥሩን ተቀበለ። መንጋ እረኛውን እንዲህ አያደርገውም፤ ዜጋ ግን ያደርገዋል።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ቃል እንበል። ቋንቋው ግልጽና የጠበቃ ቋንቋ ነው፤ ጌጥ የለበትም። እናታቸውና የበኵር ልጃቸው ሲሞቱ ለቀብር እንኳ እንዳልተፈቀደላቸው የሚተርኩባቸው ገጾች በዚሁ ግልጽነታቸው ልብ ይነካሉ። ለሕዝቡ አባት ለመሆን የሄደ ሰው ለልጆቹ አባት ሳይሆን እንደ ቀረ ያምናሉ፤ ይህን ዕዳ በምንም ድል አያስከፍሉትም። አንዳንድ ጊዜ ግን የፖለቲካ ጥንቃቄ ቋንቋውን ያደርቀዋል፤ ሰዎች ወደ ስም፣ ክርክሮችም ወደ መግለጫ ይለወጣሉ።

በጠቅላላው ስንመዝነው፣ ይህ መጽሐፍ ሰውየውን ያህል የሚሆን መጽሐፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውየውን ለመመርመር የሚበቃ ማስረጃ ሳይደብቅ የሰጠን መጽሐፍ ነው። ይህም በገዥዎች እጅ ከተጻፉት የሕይወት ታሪኮች መካከል ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። ጓደኞቻችን ተማሪዎች እንዲያነቡት እንመክራለን፤ ሲያነቡትም ከእስር ቤቱ በር መከፈት ይልቅ በፎርት ሔር የእራት አዳራሽ የተቈጠሩትን 25 ድምፆች በልባቸው እንዲይዙ እንለምናለን። ነገ ከመካከላችን አንዱ በማኅበርም ሆነ በመሥሪያ ቤት ብቻውን መወሰን ያለበት ቀን ሊመጣበት ይችላል። በዚያን ቀን እረኛ ነኝ ማለት ቀላል ነው። የሚከብደው የሌላውን ድርሻ ሳይነኩ መጀመር፣ እምቢ ለማለት ጊዜ ሳያልፍባቸው ለባልንጀሮች መንገር፣ ቢክዱም ክህደታቸውን መቀበል ነው።